ምላጭ የማይቀይር ማሽን አይዝም

አሠሪዬ ጋሽ ክንፈ ያን ሕግ ያወጡት ለእኔ ነው። እጄ ከመሰበሩ በፊት በነበሩት ስምንት ዓመታት እንጨት ቤታችን ውስጥ ስለ ሕግ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። የሰማሁት ወጌሻው ፋሻውን በፈታልኝ በሳምንቱ ነው። እሳቸው ሁለቱን እጆቻቸውን የቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ ማሽኑን በአገጫቸው እያሳዩኝ፣ «ፈርሂያ፣ ምላጭ የማይቀይር ማሽን አይዝም» አሉኝ። ቀጥለው የብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝና ጥጉን አሳዩኝ።

ማሽኑ ባንድሶ ይባላል። ሁለት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። በሁለቱ ላይ እንደ መቀነት የዞረ፣ ጥርስ ያለው ቀጭን ብረት ይሽከረከራል፤ ምላጭ የምንለው እሱን ነው። ግንድ ለመሰንጠቅ ሰፊው ምላጭ ይገባል፣ ለቅርጽ ጠባቡ። የእኔ ልብ ከጠባቡ ጋር ነው። የአልጋ ራስጌ ላይ የወይን ሐረግ በእርሳስ ሳልነድፍ በዓይኔ ብቻ አወጣ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ከአቀስታ ድረስ ሙሽሮች «የዚያችን ልጅ አልጋ» እያሉ ያዝዙ ስለነበር ነው። እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት።

ባለፈው ክረምት ከወግዲ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሌላው ሰው ሁሉ አቧራውን አራግፎ ተነሣ፤ የእኔ የቀኝ እጅ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው አሰረልኝ፣ ዳነም፣ ግን ጠመም ብሎ ዳነ። ማንኪያ ያነሣል፣ እንጨት ይገፋል፣ ብሎን ግን አያጠብቅም።

እዚያ ማሽን ላይ ምላጭ መቀየር ደግሞ ከበሬ ጋር መታገል ነው። የሁለቱ በሮች ስምንት ብሎኖች በቁልፍ ይፈታሉ። ምላጩን ከጎንና ከጎን የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች ሌላ ቁልፍ ይፈልጋሉ፣ ያ ቁልፍ ደግሞ ዘወትር ሰጋቱራው ውስጥ ጠፍቶ በእጅ ይፈለጋል። ምላጩን የሚወጥረው ብሎን ያለው ከላይኛው ጎማ ጀርባ ነው፤ ሁለት እጅ አስገብቶ፣ ትከሻን ብረቱ ላይ ደግፎ፣ ስልሳ ሰባ ዙር ማዞር ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። መብራት በቀን ለሦስት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ከተማ ይህ ዕዳ ነው። ስለዚህ ጠባቡ ሰኞ ይገባል፣ ሰፊው ሐሙስ፤ በሌላ ቀን ጠባብ የፈለገ ሰኞን ይጠብቅ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ጋሽ ክንፈ ምላጩን በጥፍራቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ልጅ ሳሉ ክራር ይመቱ ነበር። ትንሽ ያጠብቃሉ፣ እንደገና መታ ያደርጋሉ፣ ድምፁ ሲጥማቸው «ይኸው» ይላሉ። የትኛው ድምፅ ልክ እንደሆነ ለማንም አስተምረው አያውቁም። እኔም ምላጭ ስቀይር የመጨረሻዋ ውጥረት የእሳቸው ነበረች።

ጥግ ቁጭ ብዬ ራስጌ መፈግፈግ ጀመርኩ። የገባ የወጣው ሁሉ «አብሽሪ» ይለኛል። አብሽሪ ጥሩ ቃል ነው፣ ሰው ያበረታል። በቀን ሃያ ጊዜ ሲባል ግን በሬሳ ላይ አፈር እንደመመለስ ነው። ከሁሉ የከፋኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ማሽን ላይ ሳለሁ በጩኸቱ ምክንያት የቀትሩ ሶላት፣ የዙሁር አዛን አይሰማኝም ነበር። ሁልጊዜ ጋሽ ክንፈ ነበሩ መጥተው ትከሻዬን ነካ አድርገው «ፈርሂያ፣ ሰዓትሽ ደርሷል» የሚሉኝ። አንድም ቀን ረስተውት አያውቁም። ጥግ ከተቀመጥኩ ወዲህ አንድም ቀን አላሉኝም። ተቀየሙኝ ብዬ ያዝኩት። ስለምን እንደሆነ ባላውቅም፣ ቂሙን እኔም በበኩሌ በቂም መለስኩላቸው።

በኅዳር አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ክንፈ፣ ማሽኑን ትንሽ ብናስተካክለውስ?»

«ምን አልሽ?»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «የከበደኝ መቁረጡ አይደለም፣ ማጥበቁ ነው። ማጥበቂያው በማንሻ ቢሆን፣ በሮቹም ማጠፊያ ቢኖራቸው ለሁላችንም ይቀላል።»

«ማሽኑን የሠሩት ሰዎች አንቺ ያየሽውን ያላዩት ይመስልሻል?» አሉኝ። «ሰው ለማሽን ይስተካከላል እንጂ ማሽን ለሰው አይስተካከልም።»

እንግዲህ ይህን ለማን ነው የሚነግሩት? ስምንት ዓመት ለዚያ ማሽን ስስተካከል የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን የእሱ ተራ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ጋሽ ክንፈ እሑድን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምንና በዓለ ወልድን አክብረው ይዘጋሉ። የእንጨት ቤቱ ቁልፍ ግን እኔ ዘንድ ይቀራል፣ ቫርኒሽ በዓል አያውቅማ። እየገባሁ የተቀባውን እንጨት እንዲደርቅ አገላብጣለሁ። በዚያ ሰሞን የክርስቲያኑን በዓል ሁሉ ቀን እየቆጠረ የሚጠብቅ ሙስሊም በመካነ ሰላም ከእኔ ሌላ የነበረ አይመስለኝም። ከጎናችን ያሲን አለ፣ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ። አብረን ነው ያደግነው። ያሰብኩትን ስነግረው የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝ።

«ኸረ ተይ። ጋሽ ክንፈ ቢያዩንስ?»

«ያዩታል። እንዲያዩት ነው የምንሠራው።»

«ወላሂ ያባርሩሻል።»

«ከጥግ ወዴት ነው የሚያባርሩኝ?»

በመጀመሪያው እሑድ የሠራነው ትንሹን ነገር ነው። ከላይኛው ጎማ ጀርባ ወፍራም ሞላ አለ፤ ምላጩ በተወጠረ ቁጥር ይጨመቃል። ከሞላው ጋር አብራ ከፍ ዝቅ የምትል ሽቦ አሰርኩ፣ ከጎኗ ላሜራ ለጠፍኩ። ያሲን ብሎኑን እያዞረልኝ፣ እኔ ቁርጥራጭ እንጨት እያስገባሁ ሞከርን። ሲላላ ምላጩ መንገዱን ይስታል። ልክ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆርጣል፣ በጣት ከጎኑ ሲገፉትም የገብስ ፍሬ ያህል ፈቀቅ ይላል። ሽቦዋ ያን ጊዜ የቆመችበት ቦታ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመርኩ። ለሰፊውም ምላጭ እንዲሁ አድርጌ፣ ከፍ ብሎ ሁለተኛ መስመር አሰመርኩ።

ሰኞ ጋሽ ክንፈ ሽቦዋን ልብ ሳይሉ ጠባቡን አስገብተው፣ መታ አድርገው፣ «ይኸው» አሉ። ሽቦዋ የጠባቡን መስመር አልፋ፣ የሰፊውንም አልፋ ቆማለች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። የሠላሳ ዓመት ጆሮና የአንድ ቀን ጥፍር ቀለም አይወዳደሩም። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ሽቦዋ ከዚያም አለፈች፣ ረቡዕ ምላጩ ተበጠሰ። ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛው ነበር። ጋሽ ክንፈ «የወግዲ ባሕር ዛፍ ነው፣ እርጥቡን እያመጡልን» ብለው ባለ ግንዱን ረገሙት። እኔ ጥጌ ሆኜ ሽቦዋን አየሁ፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ነገር ይበጠሳል።

ሌላውን በሦስት እሑድና በሦስት በዓል ያሲን ቤት አዘጋጅተን፣ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ ላይ ገጠምነው። የበሮቹን ስምንት ብሎኖች አውጥተን በማጠፊያና በመቀርቀሪያ ተካናቸው። ትንንሾቹ ብሎኖች አናት ላይ ያሲን አጭር አጭር ብረት በየደላቸው፤ ከእንግዲህ በጣት ይዞራሉ፣ ቁልፍ ፍለጋ ሰጋቱራ መዛቅ ቀረ። በመጨረሻ ማንሻው መጣ። ያሲን ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነገር ቆርጦ ከሞላው ሥር አስገባ፣ ክንድ የሚያህል እጀታም አበጀለት። እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑት እንቁላሉ ዞሮ ጎማውን ከፍ ያደርገዋል፣ ምላጩ ይወጠራል። ወደ ላይ ሲመልሱት ይላላል፣ ይወልቃል። ለዚህ አንጓ አያስፈልግም፤ በክርን ጭምር ይሆናል። ከማሽኑ ያወጣናቸውን ብሎኖች በሙሉ በቲማቲም ጣሳ አጠራቅሜ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር፣ የሰፊው ቀን። ጋሽ ክንፈ ገብተው ጃኬታቸውን ሲሰቅሉ እኔ በሮቹን ከፈትኩ፣ እጀታውን አነሣሁ፣ ጠባቡን አወጣሁ፣ ሰፊውን አስገባሁ፣ እጀታውን ተጫንኩ። ሽቦዋ ሁለተኛው መስመር ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። ስዞር ጋሽ ክንፈ አንዱ የጃኬታቸው እጅጌ ገና እጃቸው ላይ ነው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ።

«ጠይቄዎት ነበር።»

«እንቢ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ፣ ብለውኝ ነበር» አልኩ። ጋሽ ክንፈ የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቅለው ወጡ።

ዓርብ ጠዋት ሀጂ ረመዳንን ይዘው መጡ። ሀጂ ቤቱን የሚያከራዩን ናቸው፣ የሰፈሩም አስታራቂ። ከጁምዓ በፊት እንጨርሰው ብለው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ያሲንም የተጠራ መስሎት በሩ ላይ ቆመ። ሀጂ ሁለታችንንም ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አፉ በሉኝ በዪው። ቃል ናት፣ ሸክም አይደለችም።»

በእኛ አገር ታላቅ ከተቀየመ ታናሽ «አፉ በሉኝ» ይላል፣ ታላቁ «አፉ ብያለሁ» ይላል፣ ነገሩ ይቀበራል። ማን አጠፋ ብሎ የሚመረምር የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ነው የሚኖረው፣ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ሳልጠየቅ እል ነበር። ግን ያቺን ቃል በዚያች ሰዓት ብላት ብሎኖቹ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ፣ እኔም ወደ ጥጌ እንደምመለስ አውቄያለሁ።

«አልልም፣ ሀጂ» አልኩ።

ያሲን መሬት መሬት አየ። ሀጂ በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም።

«ያጠፋሁት ካለ ይንገሩኝና እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። እኔ የሰበርኩት እጄን ነው፣ ማሽን አልሰበርኩም። የአንድ ሰዓት ከሩቡን ሥራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ እንዲያልቅ አደረግሁ። ለዚህ አፉ በሉኝ የሚባል ከሆነ ሥራ ሁሉ ወንጀል ነው።»

«እመልሰዋለሁ!» አሉ ጋሽ ክንፈ።

«ይመልሱት። ብሎኖቹ ጣሳው ውስጥ ናቸው፣ አንድም አልጣልኩም።»

የእውነታቸውን ተነሡ። ሽቦዋን በፒንሳ ነቀሏት። «ጆሮ በጥፍር ቀለም አይተካም» አሉ፣ ለእኔም አይደለም፣ ለሽቦዋ። ማንሻውን ፈተው የድሮውን ብሎን ከጣሳው አወጡ፣ ጠባቡን ምላጭ አስገቡ፣ ትከሻቸውን ብረቱ ላይ ደግፈው ማዞር ጀመሩ። ላባቸው አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። መታ አደረጉ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ አጠበቁ። መታ አደረጉ፣ አጠበቁ። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ትንኝ ሆነ። ሀጂ ጥርሳቸው እንደተነካ ሰው ፊታቸውን ጨመደዱ። ጋሽ ክንፈ ጆሯቸውን ይበልጥ አስጠግተው «ገና ነው» አሉ።

ሞላውን አየሁት። ጥቅልሎቹ ተነካክተዋል፣ የሚጨመቅ ነገር አልቀረም። እሳቸው ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰክተው፣ የማሽኑ በር እንደተከፈተ፣ ፊታቸው ምላጩ አጠገብ እንዳለ እጃቸውን ወደ ማስነሻው ላኩ። ዝም ብል ምላጩ ይበጠሳል፣ እኔም አሸንፋለሁ፣ ምላጩ ግን ፊታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ሮጬ የግድግዳውን ዋና ማጥፊያ ዝቅ አደረግሁት። ማስነሻውን ተጫኑት፣ ምንም የለም።

«ጋሽ ክንፈ፣ ምላጩ እየጮኸ ነው» አልኩ ከኋላቸው።

ዘወር አሉ። «ምን አልሽ?»

«ይጮኻል። እርስዎ አይሰሙትም።»

ያን ጊዜ ከመስጊዱ አዛን ተነሣ፣ ሀጂ በርጩማቸውን ትተው ቆሙ። ጋሽ ክንፈ ግራ ገብቷቸው አዩአቸው። «ወዴት ነው ሀጂ? ገና አልጨረስንም እኮ» አሉ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ከበራችን ፊት ለፊት ነው፣ አዛኑ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። ጋሽ ክንፈ የሀጂን ፊት፣ የያሲንን ፊት፣ የእኔን ፊት እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ ገባቸው።

ለእኔም ያኔ ነው የገባኝ። ሰዓትሽ ደርሷል ማለት የተዉት ስለተቀየሙኝ አልነበረም።

ሀጂ በቀስታ፣ ከንፈራቸው እንዲታይ ፊት ለፊት ቆመው፣ «ክንፈ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏቸው። ጋሽ ክንፈ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጃኬታቸውን አነሡ፣ ወጡ። እኔ ማሽኑን ተደግፌ አለቀስኩ። ያለቀስኩት በንዴት ነው። ተቀየሙኝ ብዬ ስድስት ወር ሙሉ ስመልስላቸው የነበረው ቂም በራሴ ላይ ተመለሰብኝ። የተናደድኩት በእሳቸውም ነው፤ ጆሮዬ ደከመ ማለት እጄ ደከመ ከማለት ምን ይለየዋል?

ቅዳሜ ጠዋት በሰዓታቸው መጡ። እኔ ሽቦዋንም ማንሻውንም ያሲንን ቀስቅሼ መልሼ ገጥሜያቸው ነበር። ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሽ ክንፈ፣ የጆሮዎን ነገር በሰው ፊት ስላወጣሁብዎት አፉ በሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ።»

«ስለ ማሽኑ ግን አልልም።»

«ስለ ማሽኑ አልጠየቅሁሽም» አሉ። አለፉኝና ጥጉ ሄዱ። የብርጭቆ ወረቀቱን አነሡ፣ በእኔ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ፣ የአንዱን ራስጌ ጠርዝ መፈግፈግ ጀመሩ።

ተከትያቸው ሄድኩ። «ምን እየሠሩ ነው?»

ከንፈሬን አይተው መለሱ። «ሕግ ሕግ ነው። ምላጭ የማይቀይር ማሽን አይዝም።»

ማሽኑ የእኔ ሆነ ማለት ነው። ስድስት ወር ሙሉ የተመኘሁትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሰጡኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፣ ደሜ ፈላ። ያን ጥግ አውቀዋለሁ። ምን እንደሚሸት አውቃለሁ፣ እዚያ ሲቀመጡ የሰው እግር ብቻ እንደሚታይ አውቃለሁ፣ በቀን ሃያ «አብሽሪ» እንዳለበት አውቃለሁ።

የብርጭቆ ወረቀቱን ከእጃቸው ነጠቅሁ። በሕይወቴ ከታላቅ እጅ ነገር ነጥቄ አላውቅም።

«ይነሡ» አልኩ። «ያ ሕግ በእኔ ላይ ሲወጣ አልተቀበልኩትም። ለእኔ የማይሆን ሕግ ለእርስዎ ሲሆን ያምራል ያለዎት ማን ነው? በእርስዎም ላይ አልቀበለውም።»

«ፈርሂያ...»

«ይነሡ ብያለሁ።»

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ማሽኑ ፊት አቆምኳቸው። እጄን በእጃቸው ላይ አድርጌ፣ የእኔን ጠማማ አንጓ ከእሳቸው ወፍራም ጣቶች ጋር፣ እጀታውን አብረን ተጫንነው። ሽቦዋ ቀስ እያለች ወጥታ መስመሩ ላይ ቆመች። በልማድ ምላጩን መታ ሊያደርጉ ጥፍራቸውን አነሡ፣ አየር ላይ አቆሙት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ከጎኑ ገፉት። የገብስ ፍሬ ያህል ፈቀቅ አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ገፉት።

«ቀለሙ ሳስቷል» አሉ በመጨረሻ። «ድገሚበት።»

«እደግምበታለሁ።»

«ሕጉስ?»

«ጣሳው ውስጥ ነው፣ ከብሎኖቹ ጋር» አልኩ።

በሳምንቱ ጋሽ ክንፈ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ሰቅለው አገኘኋቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲል እኔ ለአቀስታ ሙሽራ የወይን ሐረግ እያወጣሁ ነበር፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ አዛን ቢባልም ሁለታችንም አንሰማም። ትከሻዬን ነካ የሚያደርግ እጅ መጣ።

«ፈርሂያ፣ ሰዓትሽ ደርሷል።»

ማሽኑን አጥፍቼ፣ ሰጋቱራውን ከቀሚሴ አራግፌ ሄድኩ። ስመለስ መብራት እንዳለ ነው፣ ተራውን የሚጠብቅ ግንድም ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። ጋሽ ክንፈ ሰፊውን ምላጭ አስገብተው፣ ሽቦዋ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆማ ነበር።